ምሳ ዕቃና ውለታ ቢስ ገጣሚያን

በቅድሚያ አንድ ኑዛዜ አለኝ።

ከአራት ዓመት በፊት በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ መድረክ ወጥቼ ስለ እናት መዳፍ የጻፍሁትን ግጥም አነበብሁ። ግጥሙ ረጅም ነበር። ሊጥ አለበት፤ ጭስ አለበት፤ የሽንኩርት እንባ አለበት፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ለልጇ ስንቅ የምትቋጥር እናት አለችበት። ታዳሚው አጨበጨበ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ አዛውንት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ቀኑን ሙሉ የባንክ መስኮት ያጎበጠው ጀርባዬ ለአንድ ምሽት ቀና ብሎልኝ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ባለቤቴን ኩሽና ውስጥ ዱካ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት። ጉልበቷ ላይ መክተፊያ፣ መክተፊያው ላይ ግማሹ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ከሽንኩርቱ አጠገብ ቢላዋ። እርሷ ነርስ ናት፤ በማግሥቱ የጧት ተረኛ ነበረች። የሁለቱ ልጆቻችን ምሳ ዕቃዎች ክዳናቸው ተከፍቶ ባዶአቸውን ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል።

ቀሰቀስኋት። ዓይኗን እያሻሸች፣ «ግጥሙ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ወደዱት፤ ስለ እናት እጅ ያለውን ነው ያነበብሁት» አልኋት።

አፍታ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያም ቢላዋውን በእጀታው በኩል አዙራ እየሰጠችኝ፣ «እንግዲያው እጁን አመስግነኸው ከመጣህ፣ አሁን ደግሞ አሳርፈው» አለችኝና ወደ መኝታዋ ሄደች።

ያን ሌሊት ሽንኩርቱን ከትፌ ጨረስሁት። ጣቴን ሁለት ጊዜ ቆረጥሁ። በግጥሜ ውስጥ ደጋግሜ የጠራሁት የሽንኩርት እንባ ምን ማለት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ መሆኑን ስጽፍ አፍራለሁ። ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ ማፈሬ ብቻውን ለማንም ምሳ አይሆንም። ስለዚህ ዛሬ ልከራከር መጥቻለሁ።

ክሴ በሁለት ወገን ላይ ነው። አንደኛው፣ «ልጅ የትናንት ምግብ አይቋጠርለትም፤ እናት ማለት በሌሊት ተነሥታ ትኩስ የምታበስል ናት፤ አስቀድማ የምታዘጋጅ ሰነፍ ናት» በሚለው የሰፈርና የዘመድ ፍርድ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ ይህንኑ ፍርድ ቤት እየመታና ቤት እያስመታ በሚያጸናው፣ እኔም አባል በሆንሁበት በገጣሚው ወገን ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

«ትኩስ ምሳ» የሚባለውን ነገር እንደ ባንክ ሠራተኛ በቁጥር እንመርምረው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ በየካ አባዶ ወይም በቱሉ ዲምቱ፣ የምትኖርና መሐል ከተማ የምትሠራ እናት አለች እንበል። የልጆቹ ሰርቪስ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ጡሩምባ ይነፋል። ልጆቹ ከ12 ሰዓት በፊት መነሣት፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ ቁርስ መቅመስ አለባቸው። ስለዚህ ምሳው በ11 ሰዓት ተኩል ከምድጃ መውረድ አለበት፤ ለዚህም እርሷ በ10 ሰዓት ተኩል መነሣት አለባት። ምሳ ዕቃው የሚከፈተው ስንት ሰዓት ነው? 6 ሰዓት ወይም 6 ሰዓት ተኩል ላይ። እንግዲህ ያ ስንት ውዳሴ የጎረፈለት «ትኩስ» ምሳ ልጁ አፍ ሲደርስ ሰባት ሰዓት ያህል የቆየ ምግብ ነው! ትኩስ የነበረው እናቲቱ ስትቋጥረው ብቻ ነው። እንግዲያውስ የምንጠይቃት ትኩስ ምግብ አይደለም፤ የምንጠይቃት እንቅልፏን ነው።

የምግብ ነገር የሚያውቁ ሰዎች የሚሉት ሌላ ነው። ምግብን የሚያበላሹት ረቂቃን ነፍሳት በብዛት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ማታ የበሰለ ምግብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ከገባ፣ ጧት እስኪንተከተክ ድረስ አንድ ጊዜ ከሞቀና በፈላ ውኃ ታጥቦ በሞቀ ፔርሙዝ ከተቋጠረ፣ በጥድፊያ በስሎ ለብ እንዳለ በላስቲክ ዕቃ ከተከደነው «የዕለት» ምግብ የተሻለ ደኅንነት አለው። ልዩነቱን የሚወስነው ምግቡ የተሠራበት ቀን ብቻ አይደለም፤ አያያዙ ነው።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ቢላዋውን በተረከብሁ በሁለተኛው ወር ማታ የቀቀልሁትን ሩዝ ምድጃ ላይ ከነድስቱ ትቼው አደርሁ። ጧት ለብ ለብ አድርጌ ቋጠርሁት። ሩዝ ደግሞ በዚህ ረገድ የማይታመን እህል ነው፤ በክፍል ሙቀት ሲያድር በውስጡ የሚፈጠረው መርዝ ተመልሶ ቢሞቅም አይጠፋም። ደግነቱ ልጄ ሽታውን አልወደደውምና ሳይበላው ዋለ። ማታ በመገናኛ ደብተሩ ላይ ከትምህርት ቤቱ የተጻፈ ማስታወሻ መጣ። «ለተማሪው እናት፦ የልጅዎን ምሳ በዕለቱ እንዲያዘጋጁ እናሳስባለን» ይላል።

ማስታወሻውን ደጋግሜ አነበብሁት። ሩዙን የቀቀልሁት እኔ ነኝ። ምድጃ ላይ የረሳሁት እኔ ነኝ። የቋጠርሁትም እኔ ነኝ። የተወቀሰችው ግን በዚያ ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ ስታስታምም ያደረችው ሚስቴ ናት። እንደ ባንክ ቤት ቋንቋ ብናየው፣ ዕዳው በእኔ ስም መመዝገብ ሲገባው በእርሷ ሒሳብ ተቀንሷል። ማንም ስህተት ነው ብሎ አላረመውም፤ ምክንያቱም በሁላችንም መዝገብ ላይ ምሳ ዕቃ የሚባል ሒሳብ ከጥንት ጀምሮ የተከፈተው በአንድ ስም ብቻ ነው። በማስታወሻው ግርጌ «ጥፋቱ የአባቱ ነው፤ አይደገምም» ብዬ ፈርሜ መለስሁት። ምላሽ አልመጣም። የሚቀጥለውም ማስታወሻ «ለተማሪው እናት» ተብሎ መጣ።

«ድሮ እኮ እናቶቻችን የትናንት ምግብ አያበሉንም ነበር» የሚሉኝ አሉ። ወዳጆቼ፣ እስቲ ትዝታችንን በደንብ እንፈትሸው። እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። ትምህርት በፈረቃ ነበር፤ የጧቱ ፈረቃ ተማሪ በ6 ሰዓት እየሮጠ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምሳ ዕቃ አልነበረኝም፤ ትምህርት ቤቱና የእናቴ ጓዳ በአንድ ቁልቁለት ይገናኙ ነበርና። ታዲያ ያ «ትኩስ» ምሳ ምን ነበር? እንጀራው በሦስት ቀን አንዴ የሚጋገር፣ ወጡ ትናንት ማታ የተሠራና የሞቀ። ሽሮው በዓመት አንድ ጊዜ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ የተቀመጠ። በርበሬው እንዲሁ። እናቴ በየዕለቱ ከባዶ አልጀመረችም። ብትጀምር ኖሮ እኔን የምታሳድግበት ዕድሜም ባልቀረላት!

እንዲያውም ባልትናችንን ልብ ብሎ ላየው ከጫፍ እስከ ጫፍ አስቀድሞ የማዘጋጀት ጥበብ ነው። ቋንጣው፣ ድርቆሹ፣ በሶው፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ጭኮው፣ እርሾው፣ የተነጠረው ቅቤ፤ ይህ ሁሉ ለነገ፣ ለሳምንት፣ ለመንገድ ተብሎ የተፈጠረ ነው። ለዚህም አንድ የከበረ ቃል አለን፤ ስንቅ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት የዕለት ትኩስ ወጥ እየጠበቀ አልዘመተም፤ ቀድሞ የተዘጋጀ ስንቁን ይዞ ነው የዘመተው። ለዘማች ስንቅ ስታዘጋጅ የነበረችውን ሴት «ሰነፍ፤ ለምን በየማለዳው ትኩስ አታበስልም» ያላት ሰው አልሰማሁም። ለተማሪ ስንቅ ስታዘጋጅ ግን እንላታለን። የስድስት ዓመት ሕፃን በጨለማ ተነሥቶ፣ ከቤቱ በብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ውሎ፣ 10 ሰዓት ላይ የሚመለስበት ኑሮ ዘመቻ ካልሆነ ምን ዘመቻ ይሆናል?

አሁን ደግሞ ሥራው ራሱ ምን እንደሚመስል ልናገር፤ በማያውቁት ነገር መሟገት የእኛ የጽሑፍ ሰዎች ልማድ ነውና በዚህ እንኳ ልለይ።

እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ከ9 ሰዓት ጀምሮ፣ ኩሽናው የእኔ ነው። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት አደቅቃለሁ፤ በትልቁ ድስት ያለ ዘይት ውኃው እስኪመጥ ድረስ አቁላላለሁ፤ ከዚያ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት እጨምራለሁ። ይህ ቁሌት የሳምንቱ መሠረት ነው። ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ አንዱ ለአልጫ፣ አንዱ በትንሽ በርበሬ። በየቀኑ መጠን በትንንሽ ዕቃ ቀድቼ፣ ሲበርድ የሰኞና የማክሰኞውን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ የቀረውን በረዶ በሚሠራው ክፍል አስቀምጣለሁ። ቲማቲሙን ለስልስ እልጣለሁ። ካሮቱንና ፎሶሊያውን ቀንጥሼና አጥቤ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። ድንቹ ከነልጣጩ ይቀቀላል። ይህ ሁሉ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ካለ ደግሞ ትንሽ ይረዝማል።

ሰኞ ፓስታ በስልስ ነው። ማክሰኞ ፍርፍር። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ልጆቹ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው እንደ ወጉ ጀምረዋልና ረቡዕ ምስር ወይም ሩዝ በአትክልት፣ ዓርብ ደግሞ ወፈር ያለ ሽሮ ተቀብቶበት የተጠቀለለ እንጀራ። ሐሙስ ዳቦ በእንቁላል። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ደግሞ ራሱን የቻለ ስሌት ይጠይቃል። ማታ ማታ የነገውን አወጣለሁ፤ ጧት የሚቀረኝ ማሞቅና መቋጠር ብቻ ነው፤ ሃያ ደቂቃ። መብራት የጠፋ እንደሆነ ቡታጋዝ አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ከሞቀ ግን የተቀመጠውን አላምነውም፤ ያን ቀን ዳቦና ሙዝ ይሆናል፤ ማንም አልሞተም።

የዚህ ሁሉ ትርፍ ምንድን ነው? ባለቤቴ ከሌሊት ተረኝነት ስትመለስ ትተኛለች። የጧት ተረኛ ስትሆን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንቅልፍ ተጨምሮላታል። በሳምንት አምስት ቀን ሲባዛ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፤ አንድ ሙሉ ሌሊት ማለት ነው። በየሳምንቱ አንድ ሌሊት ከሰው ዕድሜ እየሰረቅን ለዚያ ስርቆት ግጥም እንጽፍለት ነበር!

እርግጥ ነው ነገሩ ያለ ፍትጊያ አልተጀመረም። እናቴ ከደሴ ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ እሑድ ዕለት መክተፊያውን ይዤ ስታየኝ ደነገጠች። «ልጄ፣ ቤትህ ሴት ጠፋ?» አለችኝ። «አልጠፋችም እማዬ፤ ተኝታለች» አልኋት። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስደነገጣት። ሁለት እሑድ እያየች ዝም አለች። በሦስተኛው እሑድ ዱካዋን ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ካሮቱን ትቀነጥስልኝ ጀመር። ከዚያም ቀስ ብላ፣ «እኔም አንተን ከወለድሁ በኋላ ወገቤን ያመኝ ነበር፤ ለማን ይነገራል?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጻፍሁትና ያነበብሁት የእናት ግጥም ሁሉ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር አልያዘም ነበር። አልጠየቅኋትማ! ስለ እጇ ስዘምር ስለ ወገቧ ጠይቄያት አላውቅም።

«ሠራተኛ ብትቀጥሩስ?» የሚል መፍትሔ የሚሰነዝሩ ጥቂቶች አይደሉም። ይህ መፍትሔ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በብዙ ቤቶች በ10 ሰዓት ተኩል የምትነሣው እናት አይደለችም። ከገጠር የመጣች ልጃገረድ ናት። የራሷ ትምህርት ከአራተኛ ወይም ከስድስተኛ ክፍል ተቋርጦ፣ የሌላውን ልጅ ምሳ ዕቃ በጨለማ ትቋጥራለች፤ ቦርሳውን አንጠልጥላ እስከ ሰርቪሱ ትሸኛለች፤ ከዚያም ተመልሳ ድስት ታጥባለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ቢሆን በሰው ቤት የሚደረግን የግል አገልግሎት ከወሰኑ ውጭ ትቶታል። እኔ ሠራተኛ የሚቀጥርን ሰው አልኮንንም፤ በአግባቡ የሚከፍልና ማታ ትምህርት ቤት የሚያስገባ ቤተሰብም አውቃለሁ። ነገር ግን ሸክሙን ከአንዲት ሴት አንሥቶ በሌላዪቱ፣ ይልቁንም በትንሿና በደኸየችው ላይ መጫን መፍትሔ ተብሎ ሲቀርብልኝ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ጤናማ ሁለት እጆች ያሉት፣ በዚያ ሰዓት የሚያንኮራፋ ሌላ ሰው የለም?

አለ። ቋንቋችን ግን ከአልጋው እንዳይነሣ አድርጎ ሸፍኖታል። «ባለሙያ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ወንድ ባለሙያ ሲባል መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ ጠበቃ ይታየናል። ሴት ባለሙያ ስትባል በአብዛኛው የሚታየን ድስት ነው። «እጇ ይጣፍጣል» የሚባልላት እርሷ ናት፤ «እጁ ይጣፍጣል» ሲባል ግን ምግብ ቤት ያለው ካልሆነ በቀር ሳቅ ይከተላል። ከተማችንም ቢሆን ከዚህ አላመለጠችም። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ጀምራለች፤ ተርቦ ክፍል ውስጥ የሚወድቅን ሕፃን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሥራ በሁለት እጁ ይቀበለዋል፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ድስቱ ከቤት ወጥቶ የሕዝብ በሆነበት በዚያም ቦታ አብሳዮቹ የተጠሩበትን ስም ልብ በሉ፤ «መጋቢ እናቶች» ተባሉ። እናቶቹ ሥራና ደመወዝ ማግኘታቸው መልካም ነው። «መጋቢ አባቶች» የሚለው ግን ለጆሯችን ለምን እንግዳ ሆነ?

ሕጉ እንኳ ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር፤ ባል አገልጋይ ሊያቀርብላት ካልቻለም ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ግዴታ ይጥልባት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት በቤተሰባቸው አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከዚያ ወዲህ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆነ። አዋጁ በየፍርድ ቤቱ ተሰምቷል፤ ኩሽና ግን ገና አልደረሰም። የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት፣ ክፍያ በሌለው የቤት ውስጥ ሥራ ላይ ሴቶች ከወንዶች እጅግ የበለጠ ጊዜ እንደሚያጠፉ አሳይቷል። ጥናት ያሻው ነበር ወይ? ማንኛችንም ብንሆን በ11 ሰዓት ጧት የሰፈራችንን የኩሽና መብራቶች ቆጥረን፣ በየመብራቱ ሥር ማን እንደቆመ መገመት እንችላለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክሴ፣ ወደ እኛ ወደ ገጣሚዎቹ ልመለስ።

«አንተ ሰው፣ ግጥምን ከሽንኩርት ጋር ምን አገናኘው? ኪነ ጥበብ የልብ ነገር ነው፤ የቤት ሥራ ክፍፍል ደግሞ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። እኔ ግን አላገናኘሁትም፤ እናንተ ናችሁ ያገናኛችሁት። በየመድረኩ ሽንኩርት የሚከተፈው በእናንተ ግጥም ውስጥ ነው። ጭሱ፣ ሊጡ፣ የተሰነጠቀው መዳፍ፣ የእንቅልፍ እጦቱ፣ ሁሉም የእናንተና የእኔ ስንኝ ጌጦች ናቸው። ከሌላ ሰው ድካም ውበት ፈልቅቆ ያወጣ ሰው ለዚያ ድካም ዕዳ አለበት። ብድር ወስዶ ያልመለሰን ሰው እኛ መሥሪያ ቤት የምንጠራበት ስም አለን፤ በዚህ ገጽ ላይ አልጽፈውም።

ከዕዳውም የከፋ ነገር አለ። ውዳሴያችን ራሱ ቀንበር ሆኗል። «እናት አትደክምም»፣ «እናት አትተኛም»፣ «እናት ሳትበላ ታበላለች» እያልን ስንደጋግም፣ የደከመችውን፣ የተኛችውንና የበላችውን እናት ወንጀለኛ እናደርጋታለን። እሑድ አዘጋጅታ ማክሰኞ ያሞቀችው እናት በግጥማችን ውስጥ ቦታ የላትም። የእኛዋ ጀግና በየሌሊቱ መነሣት አለባት፤ ካልተነሣች ስንኙ አይገጥምማ! አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ማታ የቋጠረችውን ምሳ ጧት እንደሠራችው አድርጋ ለአማቷ እንደምትናገር አጫውታኛለች። ስለ አንድ ሳህን ድንች ወጥ የምትዋሽ የተማረች ሴት! ይህን ውሸት ያስተማራት ማን ነው? በእናቶች ቀን አበባ ይዞ የሚመጣው፣ እኔና እኔን የመሰለው ነው።

እንግዲህ ስለ እናት አትጻፉ እያልሁ አይደለም። ጻፉ። ነገር ግን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ወር፣ አራት እሑድ ብቻ፣ ቢላዋውን ያዙ። የልጃችሁ ምሳ ዕቃ ክዳን የትኛው ጎን እንደሚያፈስ እወቁ። ልጃችሁ ካሮት ከሩዝ ጋር ሲሆን እንደሚበላ፣ ብቻውን ሲሆን ግን ለጓደኛው እንደሚሰጥ እወቁ። ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ግጥም ምናልባት ያጥር ይሆናል፤ ምናልባትም ጭብጨባው ይቀንስ ይሆናል። እውነት ግን ይኖረዋል።

አባቶችንም እንዲሁ እላለሁ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አበው። ምሳ ዕቃ ሃምሳ ሎሚ አይደለም፤ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ነው። ለሁለት ሰው ሲሆን በእርግጥም ይቀልላል፤ አስቀድሞ ሲዘጋጅ ደግሞ ይበልጥ ይቀልላል። ልጅን ፍቅር የሚያጠግበው በሌሊት በተሠቃየ እጅ ስለቀረበለት አይደለም። ጧት ተኝታ ያደረች፣ ፊቷ የበራ እናት ፀጉሩን ስትዳስሰው፣ አባቱ ደግሞ የፔርሙዙን ክዳን ሲያጠብቅለት የሚያየው ልጅ ያጣው ነገር የለም። ይልቁንም ነገ ባል ሲሆን በሠላሳ ሁለት ዓመቱ የሚያፍርበትን ነገር ከወዲሁ ተምሯል።

ባለፈው ሰኞ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምሳ ዕቃው ባዶ ነበር። «ማን እንደሠራው ጓደኛዬ ጠየቀኝ» አለኝ። «ምን አልኸው?» ስለው ትከሻውን ነቀነቀና፣ «እኔ እንጃ፤ ከፍሪጅ ነው የመጣው አልሁት» አለኝ። ባለቤቴ እስክታነባ ሳቀች። እኔ ግን በሕይወቴ ከሰማሁት ሒስ ሁሉ ይህን አስበልጫለሁ።

ያንን ረጅም ግጥም ከእንግዲህ አላነበውም። በምትኩ ይህችን አጭር ትቼላችኋለሁ፤ እሑድ ማታ፣ ድስቱ እስኪበርድ ስጠብቅ የጻፍኋት ናት።

እጅሽን ዘመርኩት አዳራሽ መሐል፣
ቤት ግን ቢላው ነበር ተናጋሪው ቃል፤
ዛሬ ዜማ ይቅር ሽንኩርቱን ልክተፍ፣
አንቺ ትንሽ ተኚ እጅሽም ይረፍ፤
ነገ ስድስት ሰዓት ሲከፈት ምሳ፣
የማን እጅ እንደሆን ልጃችን ይርሳ።

ቸር ይግጠመን።